ፈቃድ

ሦስት ዓመት ስለምን ኖርሁ የሦስት ቀን ፈቃድ፣
ከጥብርያዶስ ወጥቼ ኢየሩሳሌም ልሄድ፣
ስቅለትን ከወገኖቼ ጋር ተደፍቼ ልሰግድ።
ለማኟ እኔ፣ ሰጪዋ ኦርና፣ የሽማግሌው ልጅ፤
ዘንድሮ እሺ አለችኝ፣ ስጠና ከርሜ ደጅ።

ነጠላዬን አጠብሁ፣ ጫማዬን ወለወልሁ፣
ሠላሳ ሦስት ጧፍ በአንድ ክር አሰርሁ፣
ለቀዳም ስዑር ብርሃን ብዬ ከቦርሳዬ ከተትሁ።

ዓርብ ነጋ። ኦርና የለችም። ስልኳ ነው የመጣ፦
«ትንሹን ልጄን አተኮሰው፤ ጠብቂኝ እስክመጣ።»

ጠበቅሁ። ቀትር ሆነ። በመስኮቴ ሥር ሰው ይሮጣል፣
ዳቦውን አቅፎ፣ አበባውን ይዞ፣ ሰንበት ሊገባ ይላል፤
ባለሱቁ የብረት መዝጊያውን ቁልቁል ይስባል፤
የመጨረሻው አውቶቡስ በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል።

ዘጠኝ ሰዓት።
ጌታ ነፍሱን ከመስቀል ላይ አሳልፎ የሰጠባት።
በዚያችው ሰዓት አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ ታየኝ፤
ጭሱ እንኳ ዞር ብሎ ደኅና ሁኚ አላለኝ።

ኩሽና ገባሁ። ወንበሩን ገፋሁ፣ ምንጣፉን ጠቀለልሁ፣
ምሥራቅን በሐይቁ ለየሁ፣
ከቀዝቃዛው ሸክላ ላይ ግንባሬን ጣልሁ።
«ኪርያላይሶን» ይላል አፌ፤ ልቤ ግን ይሟገታል፦
«ወደ ቤትህ ልምጣ ባልሁ፣ በር በፊቴ ይዘጋል?
ከዚህ የሚበልጥ ስግደት ከእኔ ምን ይፈለጋል?»
መቶ ሰባት። መቶ ስምንት።

«ማያ!»
(እማዋይሽ ማለት ለአፉ አልመች ብሎት።)
«ማያ!» ይላል ማክሉፍ ከወዲያኛው ክፍል፣
ድምፁ እንደ ደረቀ የበለስ ቅጠል።
መቶ ዘጠኝ አልሁ፣ እንዳልሰማ ሆኜ።
«ማያ!»
መቶ አሥር አልሁ፣ ልቤን አደንድኜ።

ከዚያ ዝም አለ።
ዝምታው ከጥሪው ይልቅ ጮኸብኝ፤
ከተደፋሁበት ወለል ጆሮዬን ይዞ አነሣኝ።

አልጋው ርሶ ነበር፣ ፒጃማው፣ እግሩ፤
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል ከማፈሩ፤
አርባ ዓመት በዚህ ሐይቅ መረብ የጣለ ሰው፣
ነፋሱን በአፍንጫው የሚያውቅ፣ ታንኳውን ብቻውን የሚቀዝፈው፣
አሁን ከአልጋ እስከ ወንበር ሦስት ክንድ የራቀው።

ውሃ አሞቅሁ። ገላውን አጠብሁ፣ ጭኑን፣ ባቱን፤
ተንበርክኬ ከጣቶቹ መሐል አደረቅሁ ውሃውን።
ጸሎተ ሐሙስ ትናንት ነበር፤
እኔ አንድ ቀን ዘግይቼ፣ ከነቁጣዬ፣ አጠብሁ እግር።

ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ እንደ ሕፃን።
ሸሚዙን አልብሼ ቀበቶውን ሳስታጥቀው
እጄ ከዘለበቱ ላይ ቀረ፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ፦
በዚሁ ሐይቅ ዳር፣ ፍም አጠገብ፣ ዓሣው ተበልቶ ሲያልቅ፣
ጌታ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ነግሮት ነበር፣ ስለ እርጅና፣ ስለ መታጠቅ፣
ወደማይወዱት ስለ መወሰድ።
እጁን የዘረጋው ማክሉፍ፣ የታጠቀውም ማክሉፍ፤
ወደማይወደው የተወሰደውስ? እኔ ነኝ።
ፈቃድ ስለምን ኖሬ፣ ለካ ፈቃድ ተሰጠኝ፤
የእኔ መስሎኝ ነበር እንጂ፤ ቃሉ ነው ያሞኘኝ።

ከሺህ ሰው ጋር «ይሁን» ማለት፣ በዜማ፣ በከበሮ፣
እንዴት ይቀልል ኖሮ!
ብቻዬን ስለው ግን፣ በእርጥብ አንሶላ ፊት፣
ጉሮሮዬን ወጋኝ እንደ ዓሣ አጥንት።
አልሁት። ሙሉውን አይደለም፤ ግማሹን ዋጥሁት።

«ቆጠራሽን አቋረጥሁብሽ?» አለ ማክሉፍ፣ ጉንጬን ነክቶ።
«ቁጥሩ ጠፋኝ» አልሁ። ዋሸሁ።
«መቶ አሥር» አለኝ በአማርኛ፣
ጠዋት ጠዋት እርምጃውን ስቆጥርለት ለምዶ።
ሰምቶ ነበር። ሁለቱንም።

ሐይቁ ጠቆረ። ጎረቤት የሰንበት ሻማዋን አበራች፤
ኦርና እንደገና አልደወለች።
ከማክሉፍ አልጋ ግርጌ ምንጣፉን ገፋሁ፣
ሁለቱን ሰርዤ፣
ከመቶ ዘጠኝ ጀመርሁ።